የአባዬ አልጋ

አባቴ ከአዲስ አበባ ያልመጣው አልጋ ስለሌለው ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ትልልቆቹ ሲያወሩ ከምሰማው ቁርጥራጭ እኔው ገጣጥሜ የደረስኩበት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ስለነበርም ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። የአባዬን የመምጫ ጉዳይ የያዘው ጠበቃ እማዬን "መጀመሪያ ቤተሰብ የሚያኖር ቤት ይኑርሽ" ብሏታል። ቤትማ አለን፤ ካራቫን ነው። ካራቫኑ ውስጥ ያለው አልጋ ግን አንድ ነው፤ እሱም ላይ እኔና እማዬ ተጣብቀን እንተኛለን። ስለዚህ ለአባዬ አልጋ ከተሠራለት ይመጣል፣ ካልተሠራለት አይመጣም። ለእኔ ነገሩ ይኸው ነበር።

ካራቫኑ የጋሽ እንግዳወርቅ ነው። ጋሽ እንግዳወርቅ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ የለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ ሰውን ሁሉ በአፋቸው ሲነዱ የሚውሉ። ዌምብሊ በተከራዩት ቤት ጓሮ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጥር ሥር፣ ይህ በመኪና የሚጎተት ቤት ቆሞ ነበር። ዕድሜው ከእማዬ ይበልጣል። ድሮ ባለቤታቸውን በየባሕር ዳርቻው ሊያዞሩበት ገዝተውት፣ ባለቤታቸው "እኔ እንደ ኤሊ ቤቴን ተሸክሜ አልዞርም" ብለው እቅጩን ስለነገሯቸው አንድም ቀን ከጓሮው ሳይወጣ አረጀ። ኋላ ባለቤታቸውም ሞቱ፣ ጎማውም ተነፈሰ። እኛ ስንደርስበት በብሎኬት ተደግፎ፣ ጎኑ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ነበር። ሼፈርድስ ቡሽ የተከራየናትን አንዲት ክፍል ባለቤቷ ሲሸጣት፣ ጋሼ ቤት ያሉት ክፍሎች በሙሉ ሰው ስለነበረባቸው ባዶ ሆኖ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር።

"ለጊዜው ነው" አሉ ጋሼ ቁልፉን ለእማዬ ሲሰጧት።

"ጊዜው እስከ መቼ ነው?"

"እሱን ጌታ ያውቃል። አንቺ ብቻ ማታ ማታ ባልዲ ደቅኚ፤ ጣራው ትንሽ ያፈሳል።"

የት እንደምንኖር ለማንም እንዳልናገር ተነገረኝ። ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ። በጓሮ ካራቫን ሰው ማኖር ክልክል ነው፤ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ቢሰማ እኛም እንወጣለን፣ ጋሼም ይቀጣሉ። ያኔ የገባኝ ግን አባዬ እስኪመጣ ድረስ ቤታችን ሚስጥር መሆኑ ነው። የክፍሌ ልጆች ሰፈርሽ የት ነው ሲሉኝ "ሩቅ ነው" እላለሁ። ሩቅ ነው ከሚል ልጅ ጋር ማን አብሮ ይሄዳል? ሁልጊዜ ብቻዬን እመለሳለሁ።

እማዬ ጎህ ሳይቀድ ካምደን ያለ ቢሮ ለማጽዳት ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቢሮ አላት። ጠዋት ብቻዬን ለብሼ፣ ብቻዬን በሩን ቆልፌ እሄዳለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ እስክትመጣ መብራት ሳላበራ እቀመጣለሁ። ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁለቱ ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። ተሳፋሪዎቹን እጄን እያውለበለብኩ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እነሱ ብርሃን ውስጥ፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ስለሆንን ግን አያዩኝም። በአቅራቢያችን ያለው ትልቁ ስታዲየም ጨዋታ ያለው ቀን ደግሞ የሰው ጩኸት እንደ ጎርፍ ይመጣል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲደሰት ለብቻ ሆኖ መስማት የሚያስፈራ ነገር አለው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እስኪያበቃ እጠብቃለሁ። በጣም ብቸኛ ነበርኩ፤ ስሜቱን እንጂ ቃሉን ስለማላውቀው፣ እማዬ መጥታ ምን ሆንሽ ስትለኝ "ራበኝ" እላታለሁ። እሷም ታበላኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሥራ አለን። እማዬ ፀጉሯን በሻሽ ታስርና የግድግዳውን ሰሌዳ በካቻቢቴ እየፈለቀቀች ትነቅላለች። ከጀርባው ያለው እንጨት ውሃ የነካው ዳቦ ሆኗል፤ በእጅ ይዘገናል። እሱን ጠርጋ አውጥታ፣ ቦታውን ለቀናት አድርቃ፣ አዲስ እንጨት ታስገባለች። ከእሷ በፊት መዶሻ ይዛ የምታውቅ ሴት በቤተሰባችን አልነበረችም፤ ጣቷን ስትመታ ጣቷን ትጠባና ትቀጥላለች። ጋሽ እንግዳወርቅ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ይመራሉ። አይሠሩም ማለት ይከብዳል፤ አንድ ሚስማር ለመምታት ግን የሦስት ሚስማር ወሬ ያወራሉ። እኔ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ የተቆረጠውን እንጨት አለሰልሳለሁ።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይሉኛል።

"እርስዎ ያቦኩትስ ጋሼ?" ትላለች እማዬ ከግድግዳው ውስጥ።

የአባዬ አልጋ ከበሩ በስተግራ ነበር የሚሆነው። እዚያ ጋ ጠረጴዛና ግራና ቀኝ መቀመጫ ነበረ፤ ጠረጴዛው ዝቅ ሲል ከመቀመጫዎቹ ጋር ገጥሞ አልጋ ይሆናል። ሲሠራ ማለት ነው። እግሮቹ በስብሰው ወድቀዋል፤ ስፖንጁም ሲጫኑት ውሃ ይተፋል። እማዬ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ አልጋው ብላ ተራ አውጥታለታለች። እኔ ተራው አይገባኝም ነበር። ግድግዳ አባቴን አያመጣልኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬ ይደውላል።

"የእኔ አልጋ የት ደረሰ?" ይለኛል።

"እግር ቀረው።"

"እንግዲያው እኔም ጫማዬን ልወልውል።"

ይስቃል፤ እማዬም ስልኩን ተቀብላ ትስቃለች። የአባዬ ማመልከቻ ገና ሼፈርድስ ቡሽ ሳለን ውድቅ መደረጉን፣ እንደገና አፕላይ ማድረግ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ሁለቱም ይህን እያወቁ ለእኔ ሲሉ አልጋውን እንደሚያወሩ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በኅዳር አንድ እሑድ አባዬ አልደወለም። እማዬ ደወለች፤ አይነሳም። ጋሽ እንግዳወርቅ "አገር ቤት ኔትወርክ ተበላሽቷል አሉ" ብለው ሳይቀመጡ ሄዱ። ጋሼ ሳይቀመጡ ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ማታ ልጃቸው ማቲ መጣ። ማቲ ዩኒቨርሲቲ የገባ ትልቅ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲናገር የሚያነክስ ይመስላል።

"ሮሚ፣ ስልክሽ ስክሪኑ ክራክ አድርጓል አይደል? ስጪኝ፣ ፊክስ ላድርግልሽ" አላት እማዬን።

"ዛሬ ትመልስልኛለህ?"

"አይ ዶንት ኖው። ማለቴ፣ ትንሽ ቀን ይፈልጋል።"

ይህን ሁሉ ሲል ጫማውን ነበር የሚያየው። እማዬ ስልኩን ሰጠችው።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ የጋሼ ወጥ ቤት መስኮት ክፍት ነበር፤ የእትዬ ትበርህን ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ትበርህ የአስመራ ሰው ናቸው፣ ሼፈርድስ ቡሽ ጎረቤታችን የነበሩ። ልጅ ሆነው አስመራ ትምህርት ቤት በአማርኛ ስለተማሩ የሚናገሩት ከእኛ የጠራ የመጽሐፍ አማርኛ ነው። ኦርቶዶክስ ናቸውና እኛን ጴንጤዎቹን ሳይነቅፉ አይውሉም፤ እማዬን ግን እንደ ወለዷት ይወዷታል። እሳቸው ከሼፈርድስ ቡሽ ድረስ በአዘቦት ቀን መምጣታቸው ስለገረመኝ መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

"በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሁን፤ ሰፊ ነው፣ ሙቀትም አለው" ይላሉ ጋሼ።

"አዳራሽ ለሠርግ ነው። እናንተ እንዲህ ያለውን ወግ አታውቁበትም። ሰው በቤቱ ነው እንዲህ ያለው የሚደረግለት።"

"እትዬ ትበርህ፣ ያ እኮ ቤት አይባልም። የመጣው ሰው የት ይቀመጣል? ጣራውም ያፈሳል።"

"ቤት አላት፤ በገዛ እጇ የጠገነችው። ጣራው ካፈሰሰ ድፈኑት። መቀመጫ ከሌለ ሥሩ። ለቅዳሜ ይድረስ።"

"እስከዚያ ብትሰማስ?"

"አትሰማም። ልጅቷም እንዳትሰማ።"

ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ሰምቻለሁ። አባዬ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ስልኩ ለምን እንደተወሰደም ወዲያው ገባኝ፤ አባዬ አውሮፕላን ውስጥ ስለሆነ አይደውልም፣ እማዬም ደውላ መምጣቱን እንዳታውቅበት ነው። ከአዲስ አበባ ለንደን በአውሮፕላን ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም ነበር፤ እኔ ስመጣ ታቅፌ ነው የመጣሁት። ካራቫኑ ውስጥ ገብቼ፣ መብራት ሳላበራ፣ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮው ሰው ሞልቶታል። ከመጣን ጀምሮ ከጋሼና ከማቲ በቀር ማንም ረግጦት የማያውቅ ጓሮ ነው። ታክሲ የሚነዳው አለ፣ መጋዘን የሚሠራው አለ፣ አንዱ እንዲያውም የጥበቃ ዩኒፎርሙን አላወለቀም። ሁለቱ ጣራው ላይ ወጥተው የደረቀውን ማጣበቂያ ፍቀው አዲስ ሲሊኮን ይቀባሉ። ሌሎቹ ለአባዬ አልጋ አዲስ እግር ይቆርጣሉ፣ ፕላይውድ ይመትራሉ። እትዬ ትበርህ አዲስ ስፖንጅ በጨርቅ እየለበጡ ይሰፋሉ፤ ሰዎቹ ሲጣደፉ ደግሞ ቀና ብለው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀስ ብላችሁ አጥብቁት" ይላሉ። ሁሉም ሲያየኝ ፀዲ፣ ፀደንያ እያለ ያቅፈኛል። የማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ አቀፉኝ። ያን ያህል ሰው ያቀፈኝ ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ መሬት አልበቃኝም።

"ይሄ አልጋ በጣም ረዘመ እኮ ጋሼ" አልኳቸው። በግድግዳው በኩል ቀጥለውበት እስከ ምድጃው ደርሷል።

"ለሚመጣው ሁሉ እንዲበቃ ነው" አሉና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። "የሲሊኮኑ ሽታ ነው።"

ወደ እትዬ ትበርህ ሄጄ በጆሯቸው፣ የማውቀውን እንደማውቅ ሳላስነቃ፣ "አባዬ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ቢመጣ እግሩ ይዘረጋል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። ከዚያ ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ባቡር ሲያልፍ ማየት ጀመሩ። ባቡሩ ካለፈ በኋላም ቆመው ነበር።

አባዬ ያን ጊዜ ተቀብሮ ነበር። ከሐዋሳ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ቅዳሜ ሞተ፤ እሑድ ቀበሩት። ከአዲስ አበባ የተደወለው ለጋሽ እንግዳወርቅ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት ሳይሰናዳ አይነገርም። እኔ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ፣ እግሩን እንዳይወጋው ጠርዙን ደጋግሜ በጣቴ እዳስሰው ነበር።

እማዬ ስትመጣ ጓሮው በር ላይ ቆመች። በእጇ የያዘችውን ፌስታል አላስቀመጠችም። ጣራውን አየች፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ እትዬ ትበርህን አየች።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጋሼ?"

"ብርዱ ሳይጠና ብለን ነው።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ገብታ ሻይ አፈላችላቸው። እማዬን ማታለል ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገረመኝ፤ ትንሽም አሳዘነችኝ።

በዚያ ሳምንት ከእራት በኋላ ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር። ጉልበቷ መሃል ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፤ ፊቷን አላየውም።

"አባትሽ ሲመጣ መጀመሪያ የት ትወስጂዋለሽ?" አለችኝ።

"ስታዲየሙ ጋ። ጨዋታ ያለ ቀን፣ ሲጮሁ እንዲሰማ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በአውቶቡስ፣ ፎቁ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ እወስደዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

ሚዶው ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ይቆማል። እኔ አወራለሁ። ሚስጥሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ስንት ጊዜ መለስኩት። አርብም እንዲሁ ጠየቀችኝ፤ የምወስደው ቦታ አልቆብኝ ያላየሁትን ሁሉ ፈጠርኩ፤ ባሕር ዳርቻ፣ መርከብ፣ አንበሳ ያለበት ቦታ። እሷ ግን "ከዚያስ?" ማለቷን አላቆመችም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ቀሚስ ለበስኩ። እማዬ ቀድማኝ ተነስታ ነበር። አልጋችንን አጣጥፋ መቀመጫ አድርጋዋለች፣ ወለሉን ጠርጋለች፣ ብርጭቆዎቹን አጥባ ደርድራለች። እሷ አዲሱ አልጋ ጥግ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዛሬ ሥራ የለሽም አይደል አልኳት። የለኝም አለች። ውጭ የብዙ ሰው እግር ጠጠር ሲረግጥ ተሰማ።

በሩን ከፈትኩ። ጓሮው በጉም ተሸፍኗል፤ ጉሙ ውስጥ ሰው ቆሟል፣ ከአጥር እስከ አጥር። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል። ነጠላ የማውቀው በበዓል ነው። አዘቅዝቀው እንደለበሱት አላስተዋልኩም፤ ባስተውልም ትርጉሙን አላውቅም።

"እማዬ፣ መጡ" አልኩ። "አባዬን ይዘውት መጡ።"

ከፊት የቆሙት ጋሽ እንግዳወርቅ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ወርጄ በሰዎቹ ካፖርት መሃል እየተሽሎከሎኩ ገባሁ። ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ከማቲ ጀርባ አየሁ፣ እስከ አጥሩ በር ሄድኩ፣ መንገዱ ላይ ወጥቼ አየሁ፤ የቆመ መኪና ብቻ ነው። ያኔ ከኋላዬ ለቅሶ ተነሳ። ሰው ሲገናኝ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ፤ ሳላየው ገብቷል ማለት ነው ብዬ ተመልሼ ሮጥኩ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ውስጥ፣ አዲሱ አልጋ ላይ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። እትዬ ትበርህ እማዬን አቅፈው በትግርኛቸው "ጓለይ፣ ጓለይ"፣ ልጄ፣ ልጄ ይላሉ። እማዬ በእጇ ጠራችኝና፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በጆሮዬ ራሷ ነገረችኝ። ይህን ለሌላ ሰው አልተወችውም።

ለቅሶው ሦስት ቀን እዚያው ተቀመጠ። ሰው እየገባ፣ ሰው እየወጣ፣ ተራ እየጠበቀ። ሦስቱንም ቀን ዘነበ፤ ጣራው ጠብ አላደረገም።

አሁን እማዬ ዌምብሊ የምትኖርበት የራሷ ፍላት አላት። ባለፈው ዓመት እኔ ከምሠራበት ከካምደን አብረን በአውቶቡስ ስንመለስ፣ ስንት ዓመት አፌ ላይ ያለውን ጠየቅኋት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። "ረቡዕ" አለች። "ጓሮው በር ላይ ሆኜ። የኛ ሰው በሥራ ቀን ኦፍ ወስዶ የሚሰበሰበው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ ነው። እኔ የምድረው ልጅ አልነበረኝም።"

"አባዬ መሆኑንስ?"

"መጀመሪያ የሞተችው አገር ቤት ያለችው እናቴ መስላኝ ነበር። ኋላ እትዬ ትበርህን አየኋቸው። አንቺን ማየት አቅቷቸዋል። እናቴ ብትሆን ማየት የሚያቅታቸው እኔን ነበር።"

አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ድረስ ይህን ይዛ ካምደን ሄዳ ቢሮ ማጽዳቷን፣ ሻይ ማፍላቷን፣ ፀጉሬን መሥራቷን አሰብኩ።

"ለምን ብቻሽን ያዝሽው? አውቄአለሁ ብትያቸው እኮ ያኔውኑ ያለቅሱልሽ ነበር።"

"ቤት እየሠሩልኝ ነበር፤ መዶሻቸውን ላስጥላቸው?" አለች። በመስኮቱ እያየች ቀጠለች። "ደግሞ አንቺ ነበርሽ። ከዚያስ ስልሽ ትቀጥያለሽ። ባለቅስ ታቆሚ ነበር።"

"አዎ።"

"በአንቺ አፍ ገና መንገድ ላይ ነበር፣ ፀዲ። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው።"